ሁለተኛው ዓይን

አምባ ጊዮርጊስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምስጢር፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከብርዱና ከአውቶቡሱ በቀር የሚያስከፋኝ የለም። ጎማው ፈነዳ፤ መለዋወጫው ደግሞ ቀድሞ የፈነዳ ኖሯል። ተራግፈን አምባ ጊዮርጊስ ቀርተናል። ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ አላምረው ነው፤ ያ ከጎንደር ዛሪማ በአይሱዙ የሚመላለሰው የሰፈራችን ልጅ። መልስሽንም ለእሱ ስጪው። እኔን ፈልጎ ማግኘት አያቅተውም።

በእሱ አፍ ሁለት ነገር አስጠይቀሽኛል። ስልኬን አልረሳሁትም። በስልክ የሚነገረኝ ነገር ስለማልፈልግ መደርደሪያው ላይ ትቼው ወጣሁ። የሚለኝ ያለው ይጻፍልኝ፤ ደብዳቤ ቢያንስ ሳይከፍቱት ማቆየት ይቻላል።

ሳልሰናበትሽ የወጣሁት ግን ተናድጄ ነው። ከበራችን ፊት ለፊት ባለው አጥር ላይ ያን የጋራዥ ቀለም የነፋው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ አትነግሪኝም። የወንድምሽን የፍቅረ ማርያምን ፊት መሳሉ አይደለም ያንገበገበኝ። አሳሳሉ ነው። በጎን አዙሮ፣ በአንድ ዓይን። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ ነሽና ይህን ለአንቺ ማስረዳት አይገባኝም ነበር። ጻድቅ ፊት ለፊት ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያይሻል። በጎን ዞሮ አንድ ዓይን የሚሣልለት ሰይጣን ነው፣ የሰይጣን ጭፍራ ነው፣ ሰማዕት የሚገርፍ ወታደር ነው። ዕድሜዬን በዚህ ሕግ ስሠራ ኖሬ፣ ልጄን ከኃጥኣን ተራ አቁመውት ከገዛ በሬ ስወጣ ስገባ እንዳየው ነው የተፈለገው? ሦስት ዓመት ድምፁ ያልተሰማ ልጅ ነው። ነገ አንኳኩቶ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው?

ኖራውን ቀላቅዬ በባልዲ ትቼልሻለሁ። ዛሪማ ወርጄ የቤተ ክርስቲያናቸውን ሥዕል አድሼ እስክመለስ ያ ፊት ጠፍቶ ልየው።

ደብዳቤውን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። እዚህም አለ። ከእህል መጋዘኑ ጎን፣ ያው ፊት፣ ያው ቀለም። ከሥሩ ድንች የሚሸጥ አንድ ገበሬ አቋቋሜን አይቶ «ምነው አያ፣ ምን አስቀየመዎ? ሸጋ ልጅ አይደለም ወይ?» አለኝ። ሸጋስ ሸጋ ነው አልኩት።

አባትሽ ህሩይ


ጎንደር፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ህሩይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጋቢዎን ጥለው መሄድዎን ያየሁት ማታ ሳነጥፍ ነው። በአላምረው ልኬዋለሁ፤ ውስጡ የጠቀለልኩት በሶ ነው።

ይቅር ይበሉኝ፣ አልቀባሁትም። ኖራው ቀጠነብኝ ብዬ ላመካኝ አስቤ ነበር፤ የቀላቀሉት እርስዎ ስለሆኑ አያዋጣኝም ብዬ ተውኩት። ብሩሹን ነክሬ ወጥቻለሁ። አገጩ ሥር አድርሼዋለሁ። እጄ እምቢ አለኝ፣ አባዬ።

ጎረቤት ምን ይላል ብለው እንደሚጨነቁ አውቃለሁ። ሴቶቹ ወደ ወፍጮ ሲያልፉ «እንዴት አደርክ ፍቅሬ» ይሉታል። የሰፈሩ ልጆች ኳሳቸው ከነካው አፈሩን ይጠርጉለታል። ዐብዱልከሪም የቀለም ሱቃቸውን ለመክፈት ወደ ፒያሳ ከመውጣታቸው በፊት መጥተው ፊቱ ላይ ትንሽ ቆመው ይሄዳሉ። አንድም ሰው ኃጥእ ነው ብሎ ያየው የለም፤ ከእርስዎ በቀር።

ማን ሳለው ላሉኝ፣ ውሸት ነግሬዎት ስለማላውቅ ዝም ብዬ ልለፈው። በምትኩ እኔ ልጠይቅዎ። የአምባ ጊዮርጊሱን ያዩት ተናደው ነው። ተናዶ ያየ አላየም የሚሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ከአፍንጫው ማዶ ምን ነበር? ከመሳፈርዎ በፊት ተመልሰው ይዩልኝ፣ እባክዎን።

ልጅዎ ምስጢር


ዳባት፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ምስጢር፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጋቢው ደርሷል። በሶውን አላምረው አልነካሁም ብሎ ምሏል፤ የደረሰኝ ግን ግማሹ ነው። እዚህ አንድ የተሰነጠቀ የእንጨት ሥዕል ጠግንልን ብለውኝ ሰንብቻለሁ።

እሺ፣ ተመልሼ አየሁት። ከአፍንጫው ማዶ የሌላ ዓይን ሽፋሽፍት ብቅ ብሏል። ብቅ ብሏል ብቻ፤ ዓይኑ ራሱ የለም። አንገቱም ጥቂት ዞሯል። የሚያስቸግረው አንገቱ ነው፤ ፊት ያዞረ ሁሉ አንገት ማዞር አይሆንለትም። እዚህ ዳባት ደግሞ የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ አገኘሁት። ሁለቱም ጉንጮቹ ይታያሉ፣ ሁለተኛው ዓይን በከፊል ወጥቷል። ልጁ በየከተማው ወደ ሰው እየዞረ ነው። አንቺ ይህን ታውቂ ኖሯል።

ሠዓሊውን እንግዲህ አትንገሪኝ፤ በጆሮ አሳሳሉ አውቄዋለሁ። የጆሮው ጫፍ ዝቅ ብሎ እንደ ማሰሮ እጀታ ተቆልምሟል። ስንት ጊዜ በዚህ ጆሮ ስቄበታለሁ። ሷሊሕ ነው፣ የዐብዱልከሪም ልጅ። ከወንድምሽ ጋር ከሥራ ክፍሌ የማይጠፉ፣ ቀለም ሲፈጩ ውለው ከራስ እስከ እግር ቢጫ ሆነው የሚወጡ ሁለት ልጆች ነበሩ። ቅዱሳንን መሣል የእኔ አይደለም ብሎ ከዳር ተቀምጦ ጆሮና እጅ ይሥል ነበር፣ አንዳንዴም አህያ። አባቱ ፊት መሣል ምን ይሠራልሃል ይሉት ነበር። አሁን አዘዞ ጋራዥ ውስጥ መኪና ይቀባል አሉ።

ይህ ልጅ ነው በዚያ ክፉ ጊዜ ከፍቅረ ማርያም ጋር ለተፈናቃይ እህል ጭኖ ወጥቶ ብቻውን የተመለሰው። ደባርቅ ላይ ተለያየን ብሎኝ ዓይኔን ሳያይ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን መልሼለት አላውቅም። ጓደኛውን ጥሎ የመጣ ሰው የጓደኛውን ፊት በየአጥሩ ሲነፋ ምን ልበለው?

አንድ ነገር ግን ልጻፍልሽ። ተፈናቃዮቹ የተጠለሉት በዚሁ ትምህርት ቤት ነበር። አጥሩ ልጆቻቸው በከሰል በሣሉት ቤት የተሞላ ነው። ትልቅ ቤት፣ ትንሽ ቤት፣ ጣራው የተንጋደደ ቤት፤ ሰው የለበትም፣ በሁሉም በር ላይ ግን ቁልፍ ተሥሏል። እስከ ዛሬ ለእኔ የግድግዳ ጽሑፍ ማለት የኳስ ቡድን ስምና «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ነበር። አይቼ ሳላይ ያለፍኩት ስንት ግድግዳ ይሆን? ሷሊሕ ቤቶቹን አልነካም። ከመካከላቸው ክፍት ቦታ ፈልጎ፣ ፊቱን አሳንሶ፣ አንዱንም ከሰል ሳይሸፍን ሥሏል። ይህን ወደድኩለት። ሷሊሕን አይደለም የወደድኩት፤ ሥራውን ነው።

አባትሽ


ጎንደር፣ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፤

ዳባት ብርዱ ጉልበትዎን ይዞት እንደነበር አላምረው ነግሮኛል፤ እርስዎ አልጻፉልኝም። እባክዎን እንዲህ ያለውን አይደብቁኝ። ይህን የምለው እኔ መሆኔ ያሳፍረኛል።

ሷሊሕን ለምን ቤት አስገባሽው ብለው አስጠይቀውኛል። አላስገባሁትም፤ አልገባም ያለውም ራሱ ነው። ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ «ደብዳቤ መጣ?» ይላል። መጣ ስለው «የት ደረሱ?» ይላል። ዳባት ብዬ ነገርኩት። ስለ ጆሮው ያሉትን አነበብኩለት። ሳቀ፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ።

አባዬ፣ አይፍረዱበት። ያን ጊዜ ከዛሪማ ሲመለስ እሱም ታሞ ነበር፤ በሁለት እግሩ መቆሙ ራሱ ይገርማል። እናቴ ደግሞ ያን ዓመት አልጋ ላይ ነበረች። ልቧ ድንጋጤ አይችልም ብሎ ሐኪሙ ለሁላችንም ነግሮናል። ሰው በእኛ በር ሲያልፍ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን አስተያየቱን ሳይቀር ይጠነቀቅ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላም ገና ፊትዎ ላይ ያለው ኀዘን ሳይነሣ ሌላ ወሬ ይዞ የሚገባ አልተገኘም። የሷሊሕ ዝምታ የእሱ ብቻ አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ ዝም ብሏል፤ የተጠላው እሱ ብቻ ነው።

ስንት ጊዜ ልጠይቅዎ አስቤ የተውኩትን ዛሬ ልጠይቅ። አምና የነፍስ አባትዎና ሽማግሌዎቹ በዚያ ማለዳ መጥተው ሲያንኳኩ ለምን አልከፈቱላቸውም? እኔ ፀዳ ከተማ አክስቴ ጋ ያደርኩ ዕለት ማለቴ ነው። ጎረቤቶች፣ እርስዎ ቤት ውስጥ ነበሩ ይላሉ።

አንድ ልመና አለኝ። ዛሪማ ሲደርሱ ቄስ ሰውአገኝ መናኸሪያ ይቀበሉዎታል። ለሥዕሉ ሥራ የጠሩዎት እሳቸው ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው። እሳቸው ሳይመጡ ብቻዎን ወደ ገበያው አይውረዱ።

ልጅዎ ምስጢር


ደባርቅ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

እንዴት ነሽ? ሊማሊሞ በጉም ተሸፍኖ፣ አንድ የጭነት መኪናም መንገዱ ላይ ተጋድሞ፣ ቁልቁል የሚወርድ የለም። ጉልበቴ ደህና ነው። እሺ፣ ደህና አይደለም፤ ግን ይራመዳል።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ቤት ነበርኩ፣ ተኝቼም አልነበረም። በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። በእኛ አገር ሽማግሌ በማለዳ፣ ነጠላውን አስተካክሎ ለብሶ፣ ተሰብስቦ ሳይነጋገር ከመጣ ለምን እንደመጣ ሕፃንም ያውቃል። የነፍስ አባቴ እንኳ ቀና ብለው በሩን አላዩም። ተመልሼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። እስካልከፈትኩ ድረስ ልጄ መንገድ ላይ ነው ብዬ አሰብኩ። እነሱም ብዙ አላንኳኩም፤ እነሱም መናገሩን ጠልተውት ነበር መሰለኝ። በሌላ ቀን ተመልሰው መጡ፤ ያኔም አልከፈትኩም።

ሷሊሕ የነገረኝ ደባርቅ ላይ ተለያየን ብሎ ነው። አንቺ ግን «ከዛሪማ ሲመለስ» ብለሽ ጻፍሽ። ስታነቢው ልታጠፊው ትችዪ ነበር። አላጠፋሽውም።

እዚህ ፊቱ ያለው ልዕልት የምትባል ሴት ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ለመስቀል ቤቷን ስታድስ ግድግዳውን በሙሉ ኖራ ቀብታ፣ እሱን ብቻ ዙሪያውን በጥንቃቄ ዞራ ትታዋለች። ብሩሹን እንዴት ተጠንቅቃ እንደያዘች ከአቀባቧ አውቃለሁ፤ በጣቷ ሳይቀር የጠረገችው ቦታ አለ። ምነው ተውሽው አልኳት። «ሰው እያየኝ እንዴት እቀባዋለሁ አያ?» አለችኝ። ስለ ባልዲው አስቤ አፈርኩ።

ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ዋልኩ። የጋራዥ ቀለም ጥላ አይይዝም ብዬ ነበር። ይይዛል። ግንባሩ ላይ ቀለሙን ከሩቅ ነፍቶ አሳስቶታል፣ ከንፈሩ ላይ ቀርቦ አወፍሮታል። ድንጋዩ የጎረበጠበትን አልደለደለም፤ ጉብታውን የጉንጭ አጥንት አድርጎበታል። እኔ ሸራ ለጥፌ፣ አለስልሼ፣ ጣራ ሥር ነው የምሠራው። እሱ ዝናብ በሚመታው፣ ፍየል በሚታከክበት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቷል። ዕጣን የሚታጠንለት አይደለም፣ የሚሳለመውም የለም፤ የሚያልፈው ሁሉ ግን ያየዋል። ሥዕል መሆኑን አሁን አምኛለሁ።

ፊቱ ከሞላ ጎደል ዞሯል። ሁለተኛው ዓይንም አለ። ነገር ግን ብሌን የለውም። ብሌን የምናስገባው መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ሥዕሉ አላለቀም፣ ሰውዬውም አያይም። ሷሊሕ ይህን የተማረው ከእኔ ነው። ብሌኑን የት እንዳስገባው አውቃለሁ።

አላምረው ነገ ወደ ጎንደር ይመለሳል፤ ጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ተሳፍሬ ብመጣ ያ ዓይን ለእኔ ባዶ እንደሆነ ይቀራል፣ ልጄም መንገድ ላይ ይሆናል። ይህን ደብዳቤ በእሱ ልኬ መልስሽን እዚሁ እጠብቃለሁ። ልመለስ? አንቺ ንገሪኝ።

አባትሽ


ጎንደር፣ ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፤

አይመለሱ።

አላምረው ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ስለሆነ ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁ። «ከዛሪማ» ያልኩት አምልጦኝ ነው። ሳነበው አየሁት፤ ብዕሩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። መርዶ በወረቀት አይነገርምና ከዚህ በላይ አልጽፍም። ቄሱን ይጠብቁ ያልኩዎት ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ነው።

ሷሊሕን ለምን እንዲህ አደረግህ ብዬው ነበር። ያለኝን እንዳለ ልጻፍልዎ፤ «በአፌ ልነግራቸው ስንት ጊዜ መጣሁ፤ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ሽማግሌ ተላከ፤ በር አልከፈቱም። እሳቸው ፊታቸውን የማያዞሩበት ነገር ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ይንገራቸው ብዬ ነው። በአንድ ጊዜ እንዳይሆንባቸው።» የሚሥለውም በእርስዎ ሕግ ነው እንጂ በራሱ አይደለም፤ የሚገባዎት በእሱ ስለሆነ።

ኖራው አልደረቀም። በየማለዳው ውሃ እጨምርበታለሁ። መቀባቱም መድፋቱም አልሆንልኝ አለ።

ወደ ታች ሲወርዱ ሙቀት ነውና ጋቢዎን አውልቀው ይያዙት። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ምስጢር


ዛሪማ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምስጢር፤

እንዴት ነሽ አልልሽም፤ እንዴት እንደሆንሽ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ተሸክመሽ፣ ለእኔ ምሳ እያቀረብሽ፣ ፊትሽን ሳትለውጪ መኖርሽ ነው የገረመኝ።

ምክርሽን አልሰማሁም። ከመኪናው ወርጄ ቄስ ሰውአገኝን ሳልጠብቅ ቁልቁል ወደ ገበያው ሄድኩ። እህል ተራው ጫፍ ላይ፣ በጭቃ በተለሰነ ግድግዳ፣ ፍቅረ ማርያም ፊት ለፊት ሆኖ አየኝ። በሁለት ዓይኑ። ብሌኖቹ ገብተዋል። ጆሮዎቹ ሁለቱም የማሰሮ እጀታ ናቸው።

በሁለት ዓይን የሚያየው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ለሰው ሁሉ ሳስተምር የኖርኩት ነው። ሷሊሕ ልጅህ ሞቷል አላለኝም፤ ከማን ጋር እንዳለ ነገረኝ።

ገበያው መሐል ተቀምጬ አለቀስኩ። አንዲት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት በርጩማዋን ሰጠችኝ። ማንም ምን ሆኑ ብሎ አልጠየቀኝም። ለካ የገበያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ብዙዎቹ ታሞ ሳለ እጁን ይዘውታል። ሴትዮዋ ፊቴን አይታ፣ ግድግዳውን አይታ፣ «ዓይኑ የርስዎ ነው አያ» አለችኝ።

ቄስ ሰውአገኝ እየሮጡ መጥተው እዚያው ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጡ። መርዶውን በሥርዓቱ ነገሩኝ። ወንድምሽና ሷሊሕ እህሉን አውርደው እንደ መመለስ ሕመምተኛ ሲያስታምሙ እዚህ ቀርተዋል። ሁለቱንም ወባ ያዛቸው። ፍቅረ ማርያም ሲብስበት ሷሊሕ ራሱ እየተንቀጠቀጠ አዝሎት ጤና ጣቢያ አድርሷል። አልሆነም። ካህናቱ ፈትተውታል፤ መቃብሩን ሷሊሕ አብሯቸው ቆፍሯል። «ለአባዬ አንተ ንገረው፣ ሌላ ሰው እንዳይነግረው» ብሎት ነበር አሉ። እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ሰላምታውን ነፈግሁት።

መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ከዋንዛ ሥር ነው። ሸጋ ቦታ ነው፣ ጥላ አለው። ድንጋዩ ግን እንዲሁ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ማንም አልነካውም።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ያን ባልዲ ክዳን አድርገሽ ከአላምረው መኪና ላይ ጫኚው። ኖራ ውሃ እስካልተለየው ድረስ አይበላሽም፤ ሲቆይ እንዲያውም ይሻላል። የልጄን መቃብር የምቀባው በእሱ ነው። ባልዲውን ይዞ የሚመጣው ሷሊሕ ይሁን። ጋራዡ እንዲፈቅድለት ዐብዱልከሪምን እኔ እንደላክሁሽ ሆነሽ ለምኚያቸው። ድንጋዩን ሁለታችን እንቀባዋለን፤ አብረን ወደ ጎንደር እንመለሳለን። ያኔ ድንኳን ይተከል፣ ለቅሶ እንቀመጥ። ሷሊሕ ከጎኔ ነው የሚቀመጠው። አጽናኝ ሆኖ አይደለም፤ እሱም ኀዘንተኛ ነው። ለነፍስ አባቴም በሩ ክፍት ነው በያቸው።

ከበራችን ፊት ለፊት ያለውን አጥር ግን ማንም እንዳይነካው። ወንድምሽ የወጣ ዕለት በር ላይ ቆሜ ነበር። ጭነቱ ላይ ወጥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ መንገዱ ሲያይ እኔ ያየሁት ጎኑን ነው፤ አንድ ዓይኑን፣ አንድ ጆሮውን። ሷሊሕ ከአጠገቡ ተቀምጦ ስለነበር እሱም ያየው እንዲሁ ነው። ከኃጥኣን አቆመብኝ ያልኩት ፊት ይህ ነበር። ተዪው፣ ልጄ። እዚያ ግድግዳ ላይ ገና ከቤት እየወጣ ነው።

አባትሽ ህሩይ